የራጁ ሊቅ የሮንትገን ሕይወትና የሕፃናት አንገት ጉዳይ

ራጅ የሚለውን ቃል በከተማችን በሀዋሳ የማያውቅ ሰው የለም። ከባጃጅ የወደቀ፣ በኳስ ሜዳ እጁ የተሰበረ፣ ደረቱን ያመመው ሁሉ ራጅ ተነሣ ይባላል። ይህን ራጅ ለዓለም ያበረከተው ሰው ማን እንደ ነበረ ግን ብዙዎቻችን አጥብቀን አልጠየቅንም። ስለዚህ በዚህ እትም የዊልሄልም ኮንራድ ሮንትገንን ሕይወት ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንተርክ አስበናል። የምንተርከውም ዝናውን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። ከሕይወቱ የሚገኘው ትምህርት ከዛፍ ወይም ከሞተር ብስክሌት ወድቆ አንገቱ የተጎዳ ሕፃን በእግሩ እንዲሄድ ወይም ዕድሜውን ሁሉ በአልጋ ላይ እንዲቀር የሚያደርግ ጉዳይ ስለሚነካ ነው። ዘመናቱን በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ የኢትዮጵያ በሚሆንበት ጊዜ ዓ.ም. የሚል ምልክት እናደርግበታለን።

ሮንትገን ማርች 27 ቀን 1845 ሌኔፕ በምትባል ትንሽ የጀርመን ከተማ ተወለደ። አባቱ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ከእርሱም በቀር ሌላ ልጅ አልነበረውም። ብላቴናው የ3 ዓመት ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ሆላንድ ተሻግሮ አፕልዶርን በተባለ ከተማ ተቀመጠ። ልጁ በትምህርቱ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላሳየም፤ በሜዳና በደን መዞርን፣ በእጁም ልዩ ልዩ መሣሪያ መሥራትን ይወድ ነበር። ይህ የእጅ ብልሃቱ ኋላ በቤተ ሙከራ ውስጥ ትልቅ ጥቅም ሰጥቶታል።

በኡትሬክት ከተማ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲማር ሳለ የሕይወቱን መንገድ የለወጠ ነገር ደረሰበት። ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ በአንድ መምህር ላይ የሚያፌዝ ሥዕል ሥሎ ነበር። መምህሩ በደረሰ ጊዜ ከሥዕሉ አጠገብ ያገኘው ሮንትገንን ነው። የሣለው ማን እንደ ሆነ እንዲናገር ቢጠየቅ ጓደኛውን አሳልፎ ላለመስጠት ዝም አለ። በዚህም ምክንያት ባልሠራው ጥፋት ከትምህርት ቤት ተባረረ። እኛ ተማሪዎች ይህን የታሪኩን ክፍል ስናነብ ልባችን መነካቱ አይቀርም። ነገር ግን ሌላም ቁም ነገር አለበት፤ ይኸውም መምህሩ የፈረደው ዓይኑ ባየው ብቻ መሆኑ ነው። ዓይን ያየው ሁሉ ሙሉ እውነት እንዳልሆነ የሕፃናትን ራጅ ነገር ስናነሣ እንደገና እናገኘዋለን።

የመልቀቂያ ምስክር ወረቀት ያልያዘው ወጣት የዩኒቨርስቲ በር ተዘጋበት። በ1865 ግን በስዊስ አገር በዙሪክ የሚገኘው ፖሊቴክኒክ ወረቀት ባይኖረውም በፈተና ተቀበለው። በ1868 በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቀ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የዶክትርነት ማዕርግ አገኘ። አውጉስት ኩንት የተባለ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የወጣቱን እጅና ትዕግሥት አይቶ ረዳቱ አደረገው፤ በ1870ም ወደ ቩርዝቡርግ ዩኒቨርስቲ ይዞት ሄደ። እዚያም ያው የወረቀት ጉዳይ እንደገና ተነሣ። ያን የትምህርት ቤት ምስክር ወረቀት አልያዘምና የማስተማር ፈቃድ አናገኝልህም ተባለ። በ1872 ከኩንት ጋር ወደ ስትራስቡርግ ተዛወረ፤ በ1874 የማስተማር ፈቃድ ያገኘው በዚያ ነው። በ1872 ደግሞ በዙሪክ ያወቃትን በርታ ሉድቪግን አግብቶ ነበር። ልጅ ስላልወለዱ የበርታን የወንድም ልጅ፣ የ6 ዓመት ሕፃን ሳለች፣ በ1887 ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓት።

ሮንትገን ከስትራስቡርግ በኋላ በጊሰን ዩኒቨርስቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1888 ደግሞ ቀድሞ አልቀበልህም ያለው የቩርዝቡርግ ዩኒቨርስቲ ራሱ ፕሮፌሰር አድርጎ ጠራው፤ በ1894ም ሬክተር ሆኖ ተመረጠ። ቂም ቢይዝ ኖሮ ይህን ግብዣ ባልተቀበለ ነበር። እርሱ ግን ሥራውን ከክብሩ አስቀድሞ ሄደ።

በጥቅምት ወር 1888 ዓ.ም. በአገራችን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ አስነግረው ሠራዊታቸውን እየመሩ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ተነሥተው ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1895፣ ሮንትገን በቤተ ሙከራው ብቻውን ይሠራ ነበር። ሥራውም አየሩ ተመጥጦ በወጣ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ኃይል ማሳለፍና የሚሆነውን መመርመር ነበር። ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍኖ ክፍሉን አጨለመ። በዚህ ጊዜ ልዩ ኬሚካል የተቀባ አንድ ሰሌዳ ራቅ ብሎ ሳለ በጨለማው ውስጥ ሲያበራ አየው። ከተሸፈነው ቱቦ የሚታይ ብርሃን ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ ካርቶኑን ዘልቆ የሚሄድ፣ ዓይን የማያየው ሌላ ጨረር አለ ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን በማግሥቱ አደባባይ ወጥቶ ባወጀ ነበር። ሮንትገን ግን ለሰባት ሳምንት ያህል ለማንም ሳይናገር ቆየ። ምግቡን እዚያው እየበላ፣ እዚያው እያደረ፣ ያየውን ነገር ደጋግሞ ፈተነው። ጨረሩ ወረቀትንና እንጨትን ሲያልፍ፣ እርሳስ የተባለው ብረት ግን ሲያስቆመው አየ። ሥጋ ያሳልፈዋል፤ አጥንት ግን ካልሲየም ስለ በዛበት አብዛኛውን ይይዘዋል፤ ስለዚህ አጥንቱ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ጥላውን ይጥላል። ዲሴምበር 22 ቀን ሚስቱን ወደ ቤተ ሙከራው ጠርቶ እጇን በሰሌዳው ላይ እንድታኖር አደረገ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጨረሩን ለቀቀበት። በሰሌዳውም ላይ የበርታ የጣቶች አጥንትና የጋብቻ ቀለበቷ ታዩ። የሕይወት ያለው ሰው አጥንት ሳይቈረጥና ሳይነካ ታየ። ዲሴምበር 28 ቀን ጽሑፉን ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር አስረከበ፤ የጨረሩ ጠባይ ገና ስላልታወቀም ያልታወቀ ነገር በሚጠራበት ፊደል ኤክስ ብሎ ሰየመው።

ወሬው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ጃኑዋሪ 23 ቀን 1896 በማኅበሩ ፊት ንግግር ሲያደርግ የታወቀውን የአናቶሚ ሊቅ የአልበርት ፎን ኮሊከርን እጅ በጨረር አነሣ፤ ኮሊከርም ጨረሩ በሮንትገን ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። ከዚህ በኋላ ባለው ነገር ውስጥ የእኛም ታሪክ ገብቶበታል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቈስለው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል የሁለቱን፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረ ጥይት የት እንዳለ ለማወቅ፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም በሜይ 1896 በናፖሊ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በራጅ አነሣቸው። ጨረሩ ከተገኘ ገና ግማሽ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በጦር ሜዳ ለቈሰለ ሰው ራጅ ሲነሣ ከተመዘገቡት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። በአባቶቻችን ጥይት የቈሰሉት ሰዎች በራጅ ታሪክ ውስጥ መግባታቸውን ማወቅ ለታሪክ ተማሪዎቻችን ሳይጠቅም አይቀርም።

ሮንትገን ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ሊያተርፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን የባለቤትነት መብት አላስመዘገበም፤ ግኝቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው ብሎ በነጻ ለቀቀው። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ገንዘቡን ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርስቲ ሰጠ። የመሳፍንት ስም እንዲጨመርለት ቢጠየቅም አልተቀበለም። ነገር ግን ይህ ነጻ የሆነው ብርሃን ዋጋ የማያስከፍል አልነበረም። በአሜሪካ የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ እጁን በጨረር ሲፈትን ከርሞ ቆዳው ተቃጠለ፤ ሁለቱ ክንዶቹ ተቈርጠው በ1904 በካንሰር ሞተ። ሮንትገን ራሱ ሙከራውን የሚያደርገው በዚንክና በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ስለ ነበር ከዚህ ድኗል። ጨረሩ የሚጠቅምም የሚጎዳም መሆኑን ዓለም የተማረው እንዲህ ባለ መሥዋዕት ነው። ሕፃናት በማደግ ላይ ስለሆኑ ከአዋቂ ይልቅ ለጨረር ስስ ናቸው፤ ይልቁንም በአንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አንገት ነገር እንግባ። አንገታችን 7 አጥንቶች አሉት፤ በመካከላቸው ከአንጎል የሚወርደው ሕብለ ሰረሰር ያልፋል። ይህ ሕብል በላይኛው ክፍል ከተጎዳ እስትንፋስ ራሱ ሊቆም ይችላል፤ ዝቅ ብሎ ከተጎዳ እጅና እግር ይያዛል። የአንገት ጉዳት ምን ማለት እንደ ሆነ ለኢትዮጵያውያን ማስረዳት አያስፈልግም። በ1960 በሮም፣ በ1964 በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የሚነዳው መኪና ተገልብጦ ሌሊቱን በውስጡ ተይዞ አደረ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል 8 ወር ታክሞ እጆቹ ተመለሱለት፤ ዓለምን ያስደነቁት እግሮች ግን ዳግመኛ አልቆሙም። ጥቅምት 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ያን ሁሉ ርቀት የሮጡ እግሮች በአንገት ውስጥ በሚያልፍ ጣት በማያህል ሕብል ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

የሕፃን አንገት ደግሞ የአዋቂ አንገት ታናሽ ወንድም ብቻ አይደለም፤ ጠባዩ ሌላ ነው። ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ራሱ ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ በቀጭን ሐረግ ላይ የተንጠለጠለ ቅል ይመስላል። የአንገቱ ጡንቻ ገና አልጠነከረም፤ ጅማቶቹ ይለጠጣሉ፤ አጥንቶቹ የሚጋጠሙበትም ገጽ ገና ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ሕፃን ሲወድቅ በብዛት የሚጎዳው የላይኛው የአንገት ክፍል ነው፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን ጉዳቱ እንደ አዋቂ ወደ ታች ይወርዳል።

ራጁም ቢሆን በሕፃን ላይ ሲነሣ ተመልካቹን ያሳስታል። የሕፃኑ አጥንት ገና ያልጠነከረ ልም አጥንት በመካከሉ ስላለ በፊልም ላይ ስንጥቅ መስሎ ይታያል። ሁለተኛው የአንገት አጥንት በሦስተኛው ላይ ትንሽ ወደ ፊት የተንሸራተተ መስሎ መታየቱም በብዙ ጤነኛ ሕፃናት የተለመደ ነው። ያላወቀ ሰው ይህን አይቶ ያልተሰበረውን ተሰብሯል ይላል። ከዚህ የሚከፋው ግን ተቃራኒው ነው። በ1982 ፓንግና ዊልበርገር የተባሉ ሐኪሞች በራጅ ላይ አንዳች ስብራት ሳይታይ ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ሕፃናት መኖራቸውን ጽፈው አስረዱ። የሕፃኑ አጥንትና ጅማት ተለጥጦ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ውስጡ ያለው ሕብል ግን ያን ያህል መለጠጥ አይችልም። ፊልሙ ንጹሕ ነው፤ ልጁ ግን ተጎድቷል። እንደ ኡትሬክቱ መምህር በሚታየው ብቻ የሚፈርድ ሰው በዚህ ጊዜ ጥፋተኛውን ይለቃል።

ሳይንስ ለዚህ ችግር መፍትሔ ሳይፈልግ አልቀረም። ኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የሃውንስፊልድ መሣሪያ የመጀመሪያውን ሕመምተኛ አነሣ፤ እርሱም ዛሬ ሲቲ ስካን የምንለው ነው። አበበ ቢቂላ አንገቱ በተጎዳ ጊዜ ይህ መሣሪያ በዓለም ላይ አልነበረም። ሲቲ ስካን ያንኑ የሮንትገንን ጨረር ከየአቅጣጫው አሳልፎ አጥንቱን እንደ ተቈራረሰ ዳቦ ንብርብር አድርጎ ያሳያል፤ ጥቃቅን ስብራትን በማግኘት ከተራ ራጅ ይበልጣል፤ የሚሰጠው ጨረር ግን ከተራ ራጅ ብዙ ይበልጣል። ኋላ የመጣው ኤም አር አይ ደግሞ በጨረር ሳይሆን በማግኔት ኃይል ስለሚሠራ ሕብለ ሰረሰሩንና ጅማቶቹን ራሳቸውን ያሳያል፤ ነገር ግን ረዥም ጊዜ ስለሚወስድና ሳይነቃነቁ መተኛትን ስለሚፈልግ ሕፃኑን ማደንዘዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

እንግዲህ የወደቀው ልጅ ሁሉ በእነዚህ መሣሪያዎች ይለፍ ማለት ነውን? አይደለም። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች ተባብረው ያደረጉትና በ2024 የታተመ ጥናት አደጋ የደረሰባቸውን ከ22 ሺህ የሚበልጡ ልጆች ተከታትሎ ነበር፤ አንገታቸው ተጎድቶ የተገኙት ከመቶ 2 አይሞሉም። ሐኪሙ አስቀድሞ በዓይኑና በእጁ በሥርዓት ቢመረምር የሲቲ ስካኑ ቍጥር ከግማሽ በላይ ሊቀንስ እንደሚችልም ጥናቱ አሳይቷል። ልጁ ነቅቶ በደንብ ይናገራል ወይ? አንገቱን ያመዋል ወይ? እጁ ወይም እግሩ ደነዘዘበት፣ ሰነፈበት ወይ? እስትንፋሱ ደኅና ነው ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች ዋጋ የላቸውም፤ ጨረርም የላቸውም። ምልክት የሌለበት ልጅ ሳይነሣ ሊቀር ይችላል። ጥርጣሬ ያለበት ተራ ራጅ ይነሣል፤ ራሱን የሳተ ወይም ብርቱ ምልክት የታየበት ሲቲ ስካን ይነሣል፤ እጅ እግሩ የደነዘዘ ልጅ ደግሞ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም ኤም አር አይ ያስፈልገዋል። ሮንትገን ያየውን ሰባት ሳምንት እንደ መረመረው ሁሉ ሐኪሙም ሥዕሉን ከልጁ ጋር እያስተያየ መመርመር አለበት።

ይህ የሐኪሞች ድርሻ ነው። ነገር ግን ልጁ ከሐኪሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ያለው ሰዓት የእኛ ነው። ከአለታ ወንዶም ሆነ ከይርጋለም፣ ወይም ከዚሁ ከከተማችን ሰፈር፣ ልጅ ከአቮካዶ ዛፍ ወደቀ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይሆናል። ሰዎች ተረባርበው በብብቱ ያነሡታል፤ ራሱ ተንጠልጥሎ በባጃጅ ውስጥ ይታጠፋል። አንዳንዱም አስቀድሞ ወደ ወጌሻ ይወስደዋል። ወጌሻ የወለቀ ክንድ በመመለስ በሕዝባችን ዘንድ የከበረ ሙያ ነው፤ ክብሩንም አንነካም። አንገት ግን ክንድ አይደለም። የተጎዳን አንገት ማሸት፣ መሳብና ማዞር አጥንቱ ያልቈረጠውን ሕብል እጅ እንዲቈርጠው ማድረግ ነው። የሮንትገን ትልቁ ስጦታ ሳይነካ ማየት መሆኑን እዚህ ላይ እናስታውስ፤ ከመታየቱ በፊት የተጠመዘዘ አንገት ከስጦታው አይጠቀምም።

የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ልጁ በተኛበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ራሱን በሁለት እጁ ከአካሉ ጋር አስተካክሎ ይያዝ። የተጠቀለለ ጋቢ ወይም ነጠላ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ይደረግ። ሲነሣ ብዙ ሰዎች በአንድ ቃል፣ እንደ አንድ ግንድ፣ ሳይጠማዘዝ ወደ ሳንቃ ላይ ያሳልፉት። ትንሽ ሕፃን ከሆነ ራሱ ትልቅ ስለሆነ በጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ ሲተኛ አንገቱ ወደ ፊት ይታጠፋል፤ ስለዚህ ከትከሻውና ከጀርባው ሥር የታጠፈ ልብስ ይነጠፍ። እስትንፋሱ ካስቸገረው ግን ከሁሉ በፊት አየር እንዲያገኝ ማድረግ ይቀድማል።

የሮንትገን መጨረሻ እንዲህ ነበር። በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርስቲ ተዛውሮ እስከ 1920 ድረስ አስተማረ። ሚስቱ በርታ ለረዥም ጊዜ ታማ በ1919 ሞተች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ያጠራቀመው ሁሉ ከንቱ ሆነ። ዓለምን ያበለጸገ ሊቅ በችግር ኖሮ ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በ77 ዓመቱ በአንጀት ካንሰር ዐረፈ፤ በጊሰንም ተቀበረ። የምርምር ደብዳቤዎቹ እንዲቃጠሉ አዝዞ ስለ ነበር ትእዛዙ ተፈጸመ። ሀብትም ሆነ የመሳፍንት ስም አልተወም። የተወው በየአገሩ ሆስፒታል በጨለማ ክፍል የሚበራውን ጨረር ነው።

ያን ጨረር በነጻ ከተቀበልን የሚገባውን ዕዳ በነጻ መክፈል የእኛ ፈንታ ነው። የሕክምና ተማሪዎቻችን የሕፃንን ራጅ ሲያነቡ አይቸኵሉ፤ ንጹሕ ፊልም ይዞ እጁ የደነዘዘበትን ልጅ ወደ ቤቱ አይስደዱ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎቻችን አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ስንት ልጅ እንደሚጎዳበት አስበው ጥገናውን ይማሩ። የቀረነው ደግሞ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ለእናቶቻችን፣ ለባጃጅ ነጂዎች፣ ለሰፈራችን ወጌሻም ጭምር በአክብሮት እንንገራቸው፤ የወደቀ ልጅ አንገት ሳይታይ አይታሽ፣ ሳይደገፍም አይነሣ።